የሚመልስልኝ ፕሮፌሰር አጣሁ

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

በዕፅዋት በሽታ ጥናት ሦስተኛ ዲግሪዬን አምና አጠናቀቅሁ። ጥናቴ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች በሚታየው የግንድ ዋግ በተባለው የፈንገስ በሽታ ላይ ነበር። አሁን ውጭ አገር የድኅረ ዶክትሬት ምርምር ቦታ እፈልጋለሁ። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ፕሮፌሰሮች ደብዳቤ ስጽፍ ከረምኩ፤ አንዱም አልመለሰልኝም። ባልደረቦቼ «ብዙ ላኪ፣ አንዱ ይሳካል» ይሉኛል። እኔ ግን አገር ቤት መማሬ በሩን የዘጋብኝ እየመሰለኝ ነው። ትንሽ ልጅም አለችኝ። አማካሪዬ ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ ስጠይቃቸው «አንቺው ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ» አሉኝ። ከምልካቸው ደብዳቤዎች አንዱን አያይዤልዎታለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ሰሚ ያጣሁት፣ ከአሰላ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «በታዋቂው ላቦራቶሪዎ ለመሥራት ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ብሎ ይጀምራል፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ግን ዋግ የሚል ቃል የለበትም። መልስ ያጣሽው በዚህ ነው እንጂ አገር ቤት በመማርሽ አይደለም። ለሁሉም የሚላክ ደብዳቤ የማንም አይደለምና።

አገር ቤት መማርሽማ ትልቁ ሀብትሽ ነው! እ.ኤ.አ. ከ2010 የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በኋላ ገበሬው በሰፊው የዘራውን የዲገሉ ስንዴ በ2013 አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ እንዴት እንደመታው የውጭ ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ከጽሑፍ ነው የሚያውቁት። አንቺ ማሳው ውስጥ ቆመሽ ናሙና የሰበሰብሽ ነሽ። ደብዳቤሽን ከዚያ ጀምሪ፦ ምን አየሽ፣ የትኛው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ፣ እነሱ ዘንድ ያለው የትኛው ሙያ ይመልሰዋል? ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። የምትጽፊላቸውንም ምረጪ። በዴንማርክ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ያለው ዓለም አቀፍ የዋግ ማዕከል፣ በእንግሊዝ ኖሪች የጆን ኢነስ ማዕከል፣ በአሜሪካ ሴንት ፖል ያለው የእህል በሽታዎች ላቦራቶሪ የአንቺን ጉዳይ የዕለት ሥራቸው ያደረጉ ናቸው። ጽሑፎቻቸውን ሳታነቢ አትጻፊ።

ብዙ ፕሮፌሰሮች ፈቃዱ እያላቸው ገንዘቡ የላቸውም። ስለዚህ ወጪሽን የሚሸፍን ዕድል ጠቁመሽ ጻፊ። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ድጋፍ ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ነው፤ ካለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በምትሄጂበት አገር አለመኖርን ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ላንቺ እንቅፋት አይሆንም። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ በፈረንጆች ሴፕቴምበር ላይ ስለሚዘጋና ከአስተናጋጅሽ ጋር አብራችሁ ስለምትጽፉት፣ ንግግሩን ከሚያዝያ ወዲያ አታሳድሪው። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን ደግሞ ዶክትሬታቸውን ካገኙ 4 ዓመት ላልሞላቸው ተመራማሪዎች ዓመቱን ሙሉ ማመልከቻ ይቀበላል፤ እዚያም አስቀድሞ የሚቀበልሽ ሰው ያስፈልግሻል። ሁለቱም የቤተሰብ አበል አላቸው። ልጅሽን ጥለሽ መሄድ እንዳለብሽ አድርገሽ አታስቢ።

የድጋፍ ደብዳቤውን ግን አንቺ አትጻፊው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ብዙ ተቋማት ደብዳቤውን በቀጥታ ከመምህሩ ይጠይቃሉ፤ የማመልከቻሽና የምስክርሽ አጻጻፍ አንድ ሆኖ ከተገኘ አንቺም እሳቸውም ትጠረጠራላችሁ። ይልቅ የሠራሽውን በአንድ ገጽ ዘርዝረሽ ስጫቸው፦ የትኛውን ሙከራ ብቻሽን እንደመራሽ፣ ምን እንደተበላሸና እንዴት እንዳቃናሽው። አሁንም ጊዜ ካጡ፣ ማሳ ላይ ስትሠሪ ያየሽ የምርምር ማዕከል ባልደረባ ካለ እሱን ጠይቂ። ስምሽን ብቻ ከሚያውቅ ትልቅ ሰው ይልቅ እጅሽን ያየ ሰው ይሻልሻል።