ከማሽኑ በፊት ትራሱን

ዘንድሮ እዚህ ባሕር ዳር በነርስነት ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ነጭ ጋዋን ከለበስኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አሁንም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሲመጣ ሁላችንም ወደ ኦክስጅኑ እንሮጣለን። ታካሚው ግን በጀርባው ተንጋሎ ተኝቷል። ቤተሰብ ከዘጌ በጀልባ ሲያመጣው በጋቢ ጠቅልሎ፣ አጋድሞ ነው። እኛም እንደመጣ ተቀብለን እናጋድመዋለን።

ኦክስጅኑን ሌላ ሰው ያምጣ። እናንተ ቀና አድርጉት። የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይበል። አልጋው የማይነሳ ከሆነ ትራስ ደርድሩ፣ የአስታማሚውም ጋቢ ይሆናል። ሆድ ዕቃው ወደ ታች ሲወርድ ሳንባ ቦታ ያገኛል። አንገቱ ወይም አከርካሪው ተጎድቷል ብላችሁ የምትጠረጥሩትን ግን አታንሱት።

ከዚያ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሙሉ 1 ደቂቃ። አርፎ የተቀመጠ ጤነኛ አዋቂ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን 50 ከደረሰ ፈጥኗል ማለት ነው። ቻርት ላይ ሳይቆጠር የሚጻፍ ቁጥር ሳይ በጣም አዝናለሁ። በጣት ላይ የሚደረገው፣ የደም ኦክስጅን የሚለካው ማሽንም ብቻውን አይበቃም። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጤነኛውም የኦክስጅን ቁጥር ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። የአፍንጫውን መርገብገብ፣ የአንገቱን ጡንቻ መወጠር በዓይናችሁ እዩ።

ሆዱን የተቀደደ ሰው ስፌቱ የሚፈታበት ይመስለዋል፣ ስለዚህ አይስልም። አክታው ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻውን ስጡት፣ እስኪሠራም ጠብቁ። ትራስ ቁስሉ ላይ አስደግፉና በሁለት እጁ ይቀፈው። በአፍንጫው በደንብ ይሳብ፣ 2 ወይም 3 ሰከንድ ይያዝ፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ መስታወት እንደሚያደበዝዝ «ሃ» ይበል። ዕድሜያቸውን በምድጃ ጭስ የጨረሱ እናቶቻችንን ደግሞ፦ «እማማ፣ ትኩስ ቡና እንደሚያበርዱ እፍ ይበሉ፣ ቀስ ብለው» በሏቸው። ወዲያው ይገባቸዋል። እንዲህ ሲያደርጉ ሳንባቸው ውስጥ የታሰረው አየር ቀስ ብሎ ይወጣል።

ሳክሽን ላይ ልቆይ፤ ካቴተር በምንለው ቀጭን ቱቦ አክታን በማሽን መሳብ ማለቴ ነው። ገና ወጣት ሳለሁ አንድ አባት ጉሮሯቸው በአክታ ተዘግቶ ይንኮረኮራል። አንዴ ልጨርሰው ብዬ ካቴተሩን ውስጥ አቆየሁት። ከንፈራቸው ጠቆረ። አንዲት አንጋፋ ሲስተር እጄን ይዛ አወጣችው። ከአክታው ጋር አየራቸውንም እየሳብኩ እንደነበር የነገረችኝ እሷ ናት። ደግነቱ ተረፉ። እኔ ግን ያን ከንፈር እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ካቴተሩን ስታስገቡ የራሳችሁን ትንፋሽ ያዙ። እናንተን ሲያፍናችሁ እሱንም አፍኖታል። ከ15 ሰከንድ አትለፉ፣ 10 ቢሆን ይሻላል። ስታስገቡ አትሳቡ፣ እያወጣችሁ ሳቡ። ከመጀመራችሁ በፊትም ስትጨርሱም ኦክስጅን ስጡ። የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶለት ከሆነ የካቴተሩ ውፍረት ከቱቦው የውስጥ ስፋት ግማሽ አይብለጥ። የልብ ምቱ ከቀነሰ ወዲያው አቁሙ። ሰዓት ስለሞላ ብቻም አታድርጉት። ሲንኮረኮር ስትሰሙ፣ አክታ ሲታይ፣ ኦክስጅኑ ሲወርድ አድርጉ። በፊት ጨው ውሃ ጠብ የማድረግ ልማድ ነበረን፤ ዛሬ እንደ ዘወትር ሥራ አይመከርም።

ስትጨርሱ ደረቱን እንደገና አዳምጡ። አፉን አጽዱለት፤ የአፍ ቆሻሻ ወደ ሳንባ ይወርዳል። የአክታውን ቀለም፣ ብዛትና ውፍረት ጻፉ። ትናንት ነጭ የነበረው ዛሬ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ከቀላቀለ፣ ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን ተረኛውን ሐኪም ቀስቅሱት።