ልጆቻችን የት ይመዝገቡ? ስለ ትምህርት ቤቶች የቅበላ ወሰንና ስለ ክፍል መጨናነቅ

የምዝገባ ወቅት በደረሰ ቁጥር ለዚህ ዓምድ ከጎንደር የሚጻፉ ደብዳቤዎች ይበረክታሉ። ዘንድሮ አብዛኞቹ የሚጠይቁት፣ በከተማዋ ዳርቻ በሚገኙ ሰፈሮች ትምህርት ቤቶች ስለ ተጨናነቁና የትኛው ሰፈር በየትኛው ትምህርት ቤት ይመዝገብ የሚለው ስላስነሣው ክርክር ነው። አራቱን መርጠን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ አዘዞ አካባቢ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ሦስቱም የሚማሩት በአንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ታላቁ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ይገባል፣ ታናናሾቹ 3ኛና 5ኛ ክፍል ናቸው። ክፍሎቹ መጨናነቃቸውን አልክድም፤ በአንድ ዴስክ አራት ልጆች ይቀመጣሉ። አሁን ግን ከአስፋልቱ ማዶ የምንኖር ወላጆች ልጆቻችንን በአዲስ ትምህርት ቤት እንድናስመዘግብ የሚያዝ ማስታወቂያ በር ላይ ተለጠፈ። ወደዚያ ለመሄድ ጅረት መሻገር ግድ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ውኃ ገና አልገባለትም። ርእሰ መምህሩ «ከበላይ የመጣ ነው» ከማለት በቀር ማብራሪያ አልሰጡንም። አንዳንድ ጎረቤቶቼ በዘመድ መታወቂያ ልጆቻቸውን በነባሩ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ጀምረዋል። እኔ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ተማሪዎችን እንደ ትምህርት ቤቶች የመቀበል አቅም የመደልደል ኃላፊነት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ማንም ቤተሰብ በአንድ በተወሰነ ትምህርት ቤት ላይ የማይነካ ይዞታ የለውም። ስለዚህ የቅበላ ወሰን መቀየሩ በራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ውሳኔው የተመሠረተበት ቁጥር ሳይገለጥ፣ ልጆቹ የሚሄዱበት መንገድ ሳይታይ፣ ተቀባዩም ትምህርት ቤት ሳይዘጋጅ ሲፈጸም ነው፤ ከደብዳቤዎ እንደምረዳው ደግሞ ሦስቱም ጎድለዋል።

ከቁጥሩ ልጀምር። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ በወጡት የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብሮች የተያዘው መለኪያ በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። በዚህ መሠረት 20 የመማሪያ ክፍሎች ያሉት አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሙሉ ቀን ትምህርት መቀበል የሚገባው 1,000 ልጆችን ነው። 1,500 ቢመዘገቡበት በየክፍሉ 75 ልጅ ይቀመጣል። አሁን በአቅራቢያው 8 ክፍሎች ያሉት አዲስ ትምህርት ቤት ተከፈተና 500ዎቹ ወደዚያ ይሂዱ ተባለ እንበል፤ ነባሩ ወደ 50 ሲወርድ በአዲሱ ትምህርት ቤት በየክፍሉ ከ62 ልጅ ያላነሰ ይኖራል። ይህ ለማስረጃ ያህል ያቀረብኩት ስሌት እንጂ የእርስዎ ትምህርት ቤት ቁጥር አይደለም፤ ነገር ግን ወላጆች ከኃላፊዎች መጠየቅ ያለባቸው ልክ ይህን ዓይነቱን ስሌት ነው። በላኪውም በተቀባዩም ትምህርት ቤት ስንት ክፍል አለ፣ በየክፍል ደረጃው ስንት ተማሪ አለ፣ ከዝውውሩ በኋላስ በእያንዳንዱ ክፍል ስንት ይሆናል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ መከናወን እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ «ከበላይ የመጣ ነው» የሚለው መልስ በቂ ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ የሚነሣው፣ ዝውውሩ የትኞቹን ልጆች ይመለከታል የሚለው ነው። በእኔ እምነት ወሰን መቀየር ያለበት ከመግቢያ ክፍሎች ጀምሮ ነው። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃን 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አድርጎ ስላዋቀረ፣ 1ኛ፣ 7ኛና 9ኛ ክፍል ተማሪ ያለ ብዙ ጉዳት ትምህርት ቤት ሊቀይር የሚችልባቸው ተፈጥሯዊ መሸጋገሪያዎች ናቸው። ክልላዊ ፈተና የሚጠብቀውን የ8ኛ ክፍል ተማሪ ግን መምህራኑንና ጓደኞቹን አስለቅቆ በፈተናው ዓመት ማዛወር ልጁን መጉዳት ነው፤ ታላቁ ልጅዎ እንዲቆይ አጥብቀው ይጠይቁ። ታናናሾቹን በተመለከተ፣ አንድ ቤተሰብ በሁለት ትምህርት ቤት እንዳይከፈል ወንድማማቾችና እኅትማማቾች በአንድነት እንዲመደቡ መጠየቅ ተገቢ ነው። ታላቁ ዘንድሮ ጨርሶ ስለሚወጣ፣ ለታናናሾቹ የአንድ ዓመት ጊዜ ቢሰጥ ጽሕፈት ቤቱን ብዙ የሚያስቸግረው አይመስለኝም።

መንገዱን በተመለከተ ወሰን የሚያሰምሩ ሰዎች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እለምናለሁ። ጎንደር በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል፣ በኮረብታና በሸለቆ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። በካርታ ላይ ጎረቤት የሚመስሉ ሁለት ሰፈሮች በእግር ሲሄዱባቸው በገደል ወይም በጅረት ይለያያሉ። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ በመስከረም ደግሞ ጅረቱ ገና አልጎደለም። በበጋ የ8 ዓመት ልጅ ድንጋይ እየረገጠ የሚሻገረው ውኃ በክረምት ማብቂያ ይወስዳል። አዘዞን የሚያቋርጠው የባሕር ዳር መንገድም ከባድ መኪና የሚበዛበት ስለሆነ፣ አስፋልቱን መሻገር ራሱ ልጆቹን የሚያሻግር ሰው እንዲቆም የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። ስለዚህ የወላጅ መምህር ህብረቱ ከጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ጋር ሆኖ ልጆቹ በሚሄዱበት ሰዓት መንገዱን በእግር እንዲሄድበትና ያየውን በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍር ይጠይቁ። ውኃና መጸዳጃ ቤት ያልተሟላለት ትምህርት ቤትም፣ በተለይ ለደረሱ ሴቶች ልጆች፣ ተከፍቷል ሊባል አይገባውም።

በዘመድ መታወቂያ ስለሚያስመዘግቡት ጎረቤቶችዎ በግልጽ መናገር አለብኝ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ምክሬ ግን እንዳይከተሏቸው ነው። ምክንያቴ የሕግ ብቻ አይደለም። የትምህርት በጀትና የክፍል ግንባታ የሚታቀደው በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉ 200 ልጆች በወረቀት ላይ ከአስፋልቱ ወዲህ ከታዩ፣ የእናንተ ሰፈር በመዝገብ ላይ ልጅ የሌለበት ሰፈር ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ ክፍል የሚጠይቅለት ማስረጃም አይኖረውም። ልጆቻችሁ በትክክለኛው አድራሻቸው መቆጠራቸው ከምንም በላይ የሚጠቅመው እናንተኑ ነው።

አቤቱታው በግል ከሚሆን በጋራ ቢሆን ይሻላል። በወላጅ መምህር ህብረቱ ስብሰባ ተነጋግራችሁ፣ ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አቅርቡ፤ ግልባጩን ለከተማው ትምህርት መምሪያና ለቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አድርጉ፤ የተቀበላችሁ ስለ መሆኑ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ። በአስተዳደሩ እርከን ሁሉ መልስ ከታጣ፣ አስተዳደራዊ በደልን የሚመረምረው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታን ያለ ክፍያ ይቀበላል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ግን ልጆችዎ ከምዝገባ ውጭ እንዳይሆኑ ይጠንቀቁ፤ አቤቱታዎን ሳይተዉ በተመደቡበት ማስመዝገብ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የልጄ ልጅ በገጠር ያለው ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ምክንያት ስለተዘጋ እኔ ጋ መጥቶ ነው የሚኖረው። መሸኛም የትምህርት ማስረጃም የለውም። ትምህርት ቤቱ «ከወሰናችን ውጭ ነው፣ ቦታም የለም» አለኝ። ልጁ ሁለት ዓመት ቤት ሊውል ነው?

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ልጁ ቤት መዋል የለበትም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው የታወቀ ነው፤ እንደ እርስዎ የልጅ ልጅ በከተማ ዘመድ ዘንድ የተጠጉ ልጆችም ብዙ ናቸው። የቅበላ ወሰን የሚለካው ልጁ አሁን በሚያድርበት ቤት እንጂ በመጣበት ቀበሌ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት ማናቸውም እርምጃ በሚወሰድበት ጊዜ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። ልጁ ከእርስዎ ጋር የሚኖር መሆኑን ቀበሌዎ በምስክር አረጋግጦ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። ማስረጃ ለሌለው ልጅ ትምህርት ቤቱ በመመዘኛ ፈተና የክፍል ደረጃውን መለየት ይችላል። ቦታ የለም ከተባለም የት ቦታ እንዳለ ፈልጎ መመደብ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥራ ስለሆነ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ተመልሰው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የማስተምርበት ክፍል ከ70 በላይ ተማሪ አለው። የወሰን ለውጡ ወላጆችን ስላስቆጣ አስተዳደሩ በምትኩ በፈረቃ እናስተምር ይላል። መምህራን ግን አልተስማማንም። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ፈረቃ በወረቀት ላይ ሲታይ እጅግ ቀላል መፍትሔ ነው። ያው 20 ክፍል በጧትና በከሰዓት ሲያገለግል 40 የተማሪ ቡድን ስለሚያስተናግድ፣ 1,500ዎቹ ልጆች በየክፍላቸው ከ38 አይበልጡም። የሚከፈለው ዋጋ ግን የትምህርት ሰዓት ነው። ሁለት ፈረቃ በአንድ ቀን ብርሃን ውስጥ መጠናቀቅ ስላለበት እያንዳንዱ ልጅ የሚያገኘው ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት የሚገባበት፣ የደከመ ተማሪ የሚታገዝበት ጊዜ አይተርፍም። በከተማዋ ዳርቻ ደግሞ የከሰዓት ፈረቃ ልጆች ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ሲመሽ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ ይህ ለወላጅ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ያም ሆኖ በአንድ ክፍል ከ70 በላይ ልጅ ይዞ ደብተር ማረምና እያንዳንዱን ልጅ ማንበብ መቻሉን መፈተሽ እንደማይቻል እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በተለይ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ፊደል ሳይለይ የሚያልፍ ልጅ በኋላ የሚደርስበትን ጉዳት የወሰን ክርክሩ ሲያነሣ አልሰማሁም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ዝግጁ ከሆነ የወሰን ለውጡን እመርጣለሁ። ዝግጁ ካልሆነ ፈረቃ ይሁን፣ ነገር ግን ማብቂያው ተወስኖ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ አንድ ቡድን ዓመቱን ሙሉ የከሰዓት ሆኖ እንዳይቀር ጧትና ከሰዓቱ በየጊዜው ይቀያየር፤ አንድ መምህር ሁለቱንም ፈረቃ እንዲሸከም አይደረግ። የእናንተ የመምህራኑ ተቃውሞ በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ቢያተኩር ወላጆችም የሚደግፏችሁ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በማራኪ አቅጣጫ ቤት የምንሠራ የማኅበር አባላት ነን። ቤቶቹ እያለቁ ነው፤ በአቅራቢያችን ግን ትምህርት ቤት የለም። በሜሪላንድ የምትኖር እኅቴ እዚያም ወላጆች በትምህርት ቤት ወሰን ይጣላሉ ብላ ነግራኛለች። እነርሱ እንዴት ይፈቱታል?

መልስ፦ እኅትዎ እውነቷን ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግዛት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ ወሰን ሲቀይር አራት ነገሮችን እንዲያይ በራሱ ፖሊሲ ተደንግጓል፦ የተማሪዎቹን ስብጥር፣ መልክዓ ምድሩን፣ ምደባው በየጊዜው አለመናወጡን፣ እና ሕንፃው በምን ያህል አቅሙ እንደሚሠራ። አንድ ሕንፃ ከ80 እስከ 100 በመቶ አቅሙ ቢሠራ ይመረጣል። እንዲያም ሆኖ ክርክሩ መራራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 2019 ቦርዱ በክላርክስበርግ፣ በኖርዝዌስትና በሴኔካ ቫሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል ወሰን ሲቀይር ብዙ ወላጆች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ከሂደቱ የምወስደው ዋናው ነገር አማራጮቹ ከነቁጥራቸው አስቀድመው ለሕዝብ መቅረባቸውንና ወላጆች ከውሳኔ በፊት መደመጣቸውን ነው። የማይወሰደውም ልዩነት መነገር አለበት፤ እዚያ ራቅ ያለውን ልጅ አውቶቡስ ያመላልሰዋል፣ እዚህ የሚሄደው በእግሩ ነው። ስለዚህ ርቀት ለእኛ ከእነርሱ ይልቅ ከባድ መመዘኛ ነው።

ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቤትንና ትምህርት ቤትን እንዴት እንደሚያያይዙ ነው። በዚያው ካውንቲ አዲስ ቤት የሚገነባ አልሚ ለትምህርት ቤት ግንባታ የሚውል ግብር ይከፍላል። ትምህርት ቤቶቹ ከመጠን በላይ በተጨናነቁባቸው አካባቢዎች አዲስ የቤት ግንባታ እስከ ማገድ የሚያደርስ ሕግም ነበር፤ እገዳው የቤት እጥረትን ያባብሳል ተብሎ በ2020 ተነሥቷል። እገዳ ለእኛ ይበጃል አልልም። ነገር ግን ለመቶዎች ቤተሰብ ቦታ ተመርቶ ለልጆቻቸው መማሪያ ሳይታሰብ ሲቀር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዘዞ ላይ እንደምናየው ዓይነት ክርክር መነሣቱ የማይቀር ነው።

እናንተ ገና ጊዜ አላችሁ። በሰፈራችሁ የአካባቢ ልማት ፕላን ላይ ለትምህርት ቤት የተያዘ ቦታ አለ ወይ ብላችሁ የከተማውን የፕላን ክፍል በማኅበሩ ስም በደብዳቤ ጠይቁ። ካለ ስፋቱ ስንት እንደ ሆነና ለሌላ አገልግሎት አለመዋሉን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ባዶ የተተወ የሕዝብ ቦታ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ ስለማይቆይ፣ አባላቱ ተባብረው እንዲከለል ቢያደርጉ መልካም ነው። ከሌለ ግቢዎቹ ሁሉ ታጥረው ሳያልቁ ፕላኑ እንዲሻሻል አመልክቱ። ከማመልከቻው ጋር የአባላቱን ልጆች ቁጥር በዕድሜ ለይታችሁ አያይዙ፤ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት 1ኛ ክፍል የሚገቡት ስንት እንደ ሆኑ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከእናንተ ካልሰማ ከሌላ ምንጭ ሊያውቅ አይችልም።