«1953» በማን አቆጣጠር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ያደግኩት አዳማ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። የቀበሌ ቤት ነው፤ ስምንት አባወራ እንኖርበታለን። ከመግቢያው በር በላይ ሲሚንቶው ላይ ሁለት የላቲን ፊደላትና «1953» ተቀርጿል። ጎረቤቶች «ጣልያን የሠራው ነው» ይላሉ። አያቴ ደግሞ «የግሪክ ነበር» ትላለች። እሷ የገባችው ጃንሆይ ሳሉ ነው። እውነቱን ለማወቅ ከየት ልጀምር?
ሰ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ጣልያንን እናሰናብተው። እኛ አገር ግድግዳው ወፍራም፣ በረንዳው የእንጨት ከሆነ ቤቱ «የጣልያን» ነው፤ አለቀ። ወረራው ከ1928 እስከ 1933 ነው። 1953 ደግሞ በእኛም ቢቆጠር በፈረንጅ ከዚያ በኋላ ነው የሚውለው። ከወረራው በኋላ እዚሁ የቀረ ጣልያናዊ ግንበኛ ሠርቶት ሊሆን ይችላል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ግንበኛውና ባለቤቱ ሁለት ሰዎች ናቸው። አያትሽና ጎረቤቶችሽ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ቁጥሩን እንየው። በፈረንጅ ከሆነ በእኛ 1945 ወይም 1946 ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዶቹ ኩባንያ በኤች.ቪ.ኤ. እጅ ሥራ የጀመረው 1946 ላይ ነው። በእኛ ከሆነ ደግሞ የቆቃ ግድብ በተመረቀ በዓመቱ ነው ማለት ነው። በሁለቱም ጊዜ ናዝሬት ክፍል የሚከራይ ሰው አልጠፋም። የላቲን ፊደላቱ ወደ ፈረንጁ ያዘነብላሉ፤ እኔ ግን በፊደል ብቻ አልፈርድም።

ወረቀቱን ከ1967 ወደ ኋላ ፈልጊ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነውን ቀበሌ ያዘው፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቱ፣ ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ያንቺ ቤት የቀበሌ መሆኑ ራሱ ፍንጭ ነው፤ ክፍሎቹ ያኔም በርካሽ፣ በየአንዳንዳቸው የሚከራዩ ነበሩ ብዬ እገምታለሁ።

እኔ የቀበሌ ቤቶች መዝገብ 11 ዓመት ይዣለሁ። ስለዚህ አንድ ምክር ስሚኝ። ቢሮ ገብተሽ «የድሮው ባለቤት ማን ነበር?» እንዳትዪ። ወዲያው «ወራሽ ነሽ? ካሳ ልትጠይቂ ነው?» ነው የሚሉሽ። ከዚያ ፋይሉ «ጠፍቷል»። እኔም ወጣት ሳለሁ እንደዚያ ብዬ ሰው መልሻለሁ፤ አሁን አፍራለሁ። የቤት ቁጥራችሁን ያዢና የእናንተን የኪራይ ውል ፋይል ጠይቂ፤ ተከራይ ናችሁ፣ መጠየቅ ያባት ነው። ወደ ታች ስትገልጪ ቢጫ ያለ ወረቀት ካገኘሽ እሱ ነው። ቤቱ ሲወረስ የተሞላ ቅጽ ከኖረ የአስረካቢው ስም እዚያ ላይ ነው። የአሁኑ ወረቀት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የድሮው በአማርኛ። አንዱን የማታነቢ ከሆነ ሰው ይዘሽ ሂጂ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ምንም ላታገኚም ትችያለሽ። እኔ በያዝኩት መዝገብ ውስጥ አንድ ሙሉ ሰፈር ምስጥ በልቶታል።

ስም ሳትይዢ አዲስ አበባ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት፣ እንዳትሄጂ። የመኪናውም ሆነ የምሳው ወጪ በከንቱ ነው የሚቀረው። ስሙን ካገኘሽ በኋላ ግን ሂጂ። ስትፈልጊም «አዳማ» ብለሽ ሳይሆን «ናዝሬት» ብለሽ ፈልጊ፤ የጃንሆይ ዘመን ወረቀት ከተማዋን የሚጠራት እንደዚያ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አያትሽ አሉልሽ። «ማን ሠራው?» አትበያቸው፤ ቤቱ ሲሠራ አላዩም። «ከአዋጁ በፊት ኪራይ ለማን ትከፍዪ ነበር? ገንዘቡን ማን ይቀበልሽ ነበር? በምን ቋንቋ ይቆጣሽ ነበር?» በያቸው። የዚያን ዘመን ሰው ደረሰኝ አይጥልም። ሳጥናቸውን አብራችሁ ክፈቱ። ደረሰኝ ከተገኘ ፊርማውን በሩ ላይ ካሉት ሁለት ፊደላት ጋር አስተያዪው፣ ፎቶውንም ላኪልኝ።