መልስ፦ ሳህኔ ላይ ያሉት «ስምንቱ ፈረሶች» ናቸው?

ሰላም ወዳጄ። እንዳሉት በቻይናው ሸክላ ሳህንዎ ላይ የተሣሉት ፈረሶች በማዕበል ላይ የሚጋልቡና ከትከሻቸው ነበልባል የሚመስል ነገር የሚወጣ ከሆነ፣ ስምንቱ አይደሉም። ቻይኖቹ «ሃይማ» የሚሏቸው የባሕር ፈረሶች ናቸው።

ስምንቱ በቻይና አፈ ታሪክ ሙ የተባለውን የዡ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ «የምዕራብ ንግሥት እናት» ወደምትባለው አምላክ ያደረሱት ናቸው። ሲሣሉ ተራ ፈረስ ነው የሚመስሉት፤ ከዛፍ ሥር አንዱ ሣር ይግጣል፣ አንዱ አንገቱን ያክካል፣ ሌላው በጀርባው መሬት ላይ ይንከባለላል። ደስ የሚለው ይሄኛው ነው፤ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ! ቅርፊትና የዘንዶ ራስ ካለው ደግሞ ሎንግማ (የዘንዶ ፈረስ) ነው።

ከሳህኑ ሥር የንጉሠ ነገሥት ቼንግዋ (እ.ኤ.አ. 1465–1487) ስም ስላለ የዚያ ዘመን ነው ብለው አይደምድሙ። በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን (1662–1722) ለጥንቱ ክብር ሲባል ይህን ስም መጻፍ የተለመደ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። ይልቅ ሳህኑን ለስላሳ ፎጣ ላይ ገልብጠው ልባስ (የሚያብረቀርቀው ሽፋን) ያልነካውን የእግሩን፣ ማለትም ሳህኑ የሚቀመጥበትን ቀለበት፣ ጠርዝ በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ይዩት። በአገልግሎት የመጣ ጭረት ጥልቀቱም አቅጣጫውም የተዘበራረቀ ነው። ሁሉም ጎን ለጎን ተሰልፎ ከታየ ብርጭቆ ወረቀት ነክቶታል ማለት ነው። እርጅናን የሚያሳይ የሚመስለውን ቡናማ ቆሻሻ ግን አይመኑት፤ በሻይም ይቀባል።

አደራ፣ በረኪናና የፈላ ውሃ አያስነኩት። ከልባሱ በላይ የተቀባው ቀለምና ወርቅ ይጎዳል፤ ድሮ በሙጫ የተጠገነ ካለውም ይለቃል።