ክረምቱን ጮቄ ላይ ለምትከርሙ

ሰኔ ሲገባ ከዩኒቨርሲቲ ለተግባር ልምምድ ወይም ለመጀመሪያ ሥራችሁ ወደ ተራራ ላይ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ የምትወጡ ልጆች ትኖራላችሁ። እኔ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ዝናብ ስለካ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሽማግሌ ሳይጠየቅ ይመክራል በሉና ታገሡኝ። ስለ ብርድ ልብስና ስለ ቦት ጫማ የሚነግራችሁ አታጡም፤ እኔ የማወራችሁ ስለ መዝገቡ ነው።

የጮቄ ጫፍ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በሐምሌና በነሐሴ ደብረ ማርቆስ ያለው ሰው ቀና ብሎ «ጮቄ ደመና ለብሷል» ሲል እናንተ ደመናው ውስጥ ናችሁ፤ ለእሱ ደመና የሆነው ለእናንተ ጉም ነው። ነፋሱ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ተፋሰስ በኩል እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል፣ ተራራው ሽቅብ ሲገፋው ይቀዘቅዛል፣ ያዘለውን ያወርዳል። ይህን ክፍል ውስጥ ተምራችሁታል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ጣሪያው በበረዶ እየተደበደበ፣ ከብርድ ልብስ ወጥቶ ቴርሞሜትር ማንበብ ምን እንደሚመስል ግን የሚያስተምር የለም።

ፈተናው እዚያ ነው። «ትናንት በዚህ ሰዓት 5 ነጥብ 2 ነበር፤ ጉሙም ያው ጉም ነው፤ ዛሬስ ከዚህ የት ይሄዳል?» ይላል ልብ። ደግሞም ማንም አያያችሁም። በኋላ ግን ይታወቃል። አልጋ ላይ የተጻፈ ዝናብ በ0 እና በ5 መጨረስ ይወዳል። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለው እርጥቡ ቴርሞሜትር፣ መብለጥ ሳይገባው፣ ከደረቁ በልጦ ይገኛል። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከተነበበው ከፍ ብሎ ይጻፋል። መዝገቡ ቀኑን ሙሉ ሰማዩ 8 ከ8 ተሸፍኖ ዋለ ሲል፣ የፀሐይ መመዝገቢያው የመስታወት ሉል ጨረሩን ሰብስቦ ካርቶኑን ሁለት ሰዓት ያህል አቃጥሎት ይገኛል። አንድ ጊዜ የአንድ ጣቢያ የነሐሴ ቅጽ እጄ ገባ፤ ወሩ ሙሉ 5፣ 10፣ 15፣ 20 ነው፤ አንድ ቀን ብቻ 23 ነጥብ 4። ያን ዕለት ለካ ተቆጣጣሪ ሄዶ ነበር! ወሩን በሙሉ ጣልነው፤ እውነተኛዋም ቀን አብራ ሄደች።

ስለዚህ ካልወጣችሁ ባዶ ተዉት። ዜሮ ማለት «ወጥቼ አየሁ፣ አልዘነበም» ማለት ነው። ባዶ ቦታ ደግሞ «አላየሁም» ይላል። ከ0 ነጥብ 1 ሚሊ ሜትር በታች ጠብ ጠብ ብሎ ከሆነ ለእሱም የራሱ ምልክት አለው፤ ዜሮ አታድርጉት። ባዶ ቦታ የሚያሳፍር የሚመስላቸው ልጆች አይቻለሁ። በእኔ ዓይን ግን በክረምት አንድም ባዶ የሌለበት የተራራ መዝገብ ነው የሚያጠራጥረው።

ከሁሉ የከፋው መክፈል ነው። አንድ ጠዋት ሳትለኩ ቀራችሁ እንበል፤ በማግስቱ መለኪያው ውስጥ 60 ሚሊ ሜትር አገኛችሁ። ይህ የሁለት ቀን ድምር ነው፤ ድምር መሆኑን ጽፋችሁ እለፉ። ለሁለት ከፍላችሁ 30 እና 30 ብትሉ የወሩ ድምር አይዛባም፤ የሚዛባው ሌላ ነገር ነው። ድልድይና የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ የሚነድፈው መሐንዲስ የሚፈልገው የአንድ ቀን ትልቁን ዝናብ ነው። 60ው በአንድ ሌሊት የወረደ ከሆነ ቱቦው በእናንተ 30 ይሠራና አንድ ነሐሴ ላይ መንገዱን ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። የአንድ አካባቢ መደበኛ ዝናብ የሚባለውም ከ30 ዓመት መዝገብ የሚወጣ አማካይ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኞ የአገሪቱን ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ክፉኛ ሲጎዳ፣ ዝናቡ ምን ያህል እንዳነሰ ማወቅ የተቻለው ከእናንተ በፊት የነበሩት ታዛቢዎች በየጠዋቱ ስለወጡ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን የሚባል ተራራ ላይ ያለ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1934 ኤፕሪል 12 በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚበር ነፋስ መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1996 አውስትራሊያ ውስጥ 408 እስኪለካ ድረስ የሚበልጠው አልነበረም። የዋሽንግተኑ ቁጥር የተገኘው ከታዛቢዎቹ አንዱ ወጥቶ መሣሪያው ላይ የተጋገረውን በረዶ እየቀጠቀጠ ስላራገፈ ነው። የኛ ተራራ እንዲህ ያለ ነፋስ የለበትም፤ መብረቅ ግን አለው። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪመጣ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ካንጎዳጎደ ከቤት አትውጡ፤ የነፋስ መለኪያው ምሰሶ አጠገብማ ጨርሶ አትቁሙ። የዚያን ሰዓት ቦታ ባዶ ተዉና ምክንያቱን ማስታወሻው ላይ ጻፉ።

«አውቶማቲክ ጣቢያ እያለ እኛ ምን እንሠራለን?» ትሉኛላችሁ። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ እንቅልፍ አያውቅም። ነገር ግን የዝናብ መቀበያው ሣር ወይም ነፍሳት ሲደፍኑት፣ ውጭው ዶፍ እየወረደ እሱ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ይልካል። በየጠዋቱ ከፍታችሁ እዩት። የወረደው በረዶ ከሆነ አስገብታችሁ አቅልጡት፤ ለማፍጠን ሙቅ ውሃ ከጨመራችሁ ሰፍራችሁ ጨምሩና ከድምሩ ቀንሱ።

ሰዓቱ እንዳያሳስታችሁ። ቅጹ ላይ 06 ተብሎ የተጻፈው የግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። እኩለ ቀን 6 ሰዓት ላይ መለኪያውን ይዞ የሚወጣ ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። ከደረቁና ከእርጥቡ ቴርሞሜትር ንባብ የአየሩን እርጥበት የምታወጡበት ሰንጠረዥም ለከፍታው የተሠራው ይሁን፤ 4000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ 616 ሄክቶፓስካል ገደማ ስለሆነ የቆላው ሰንጠረዥ ያሳስታችኋል። (ድንቹም በዚሁ ምክንያት ቶሎ አይበስልላችሁም፤ ውሃው 87 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል።)

ገሳቸውን ደርበው ከብቶቻቸውን የሚነዱ አባት በአጥሩ በኩል ሲያልፉ «ስንት ዘነበ?» ይሏችኋል። ቆማችሁ ንገሯቸው፤ 1 ሚሊ ሜትር ማለት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ መሆኑንም አስረዷቸው። በረዶው ከየት ጀምሮ የት እንዳበቃ፣ ገብሱን የት እንደመታው እሳቸው ያውቃሉ፤ ጠይቋቸውና ማስታወሻው ላይ የሰማችሁት መሆኑን ገልጻችሁ ጻፉት።

እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም። ከደብረ ማርቆስ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ፓኬት እርሳስ ግዙ። ላጲሱን ግን እዚያው ተዉት፤ የተሳሳተውን ቁጥር እንዲነበብ አድርጋችሁ በአንድ መስመር ሰርዙና ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉ። መቅረጫም አትርሱ።