መልስ፦ ቲ-34ን የሠራው አሜሪካዊው ክሪስቲ ነው ወይስ ሩሲያውያን?

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ታንክ የሆነውን ቲ-34ን የነደፈው ሚካኤል ኮሽኪን የመራው የሶቪየት ቡድን ነው። ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ዋልተር ክሪስቲ የመጣው ሰስፔንሽኑ (ጎማዎቹን ከታንኩ አካል ጋር በሞላ የሚያያይዘው ክፍል) ነው። ስለዚህ «ክሪስቲ ሠራው» ያለህ ጓደኛህ ግማሹን ብቻ ነው የያዘው።

በክሪስቲ ሰስፔንሽን እያንዳንዱ ትልቅ ጎማ የየራሱ ክንድና ረጅም ሞላ አለው። ሞላው ከታንኩ ጎን ውስጥ ስለሚቀመጥ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ብዙ ይጫወታል፣ ስለዚህ ታንኩ ወጣ ገባ መሬት ላይም ሳይንገጫገጭ ይሮጣል። ችግሩ የውስጥ ቦታ ይበላል።

የአሜሪካ ጦር ብዙም አልገፋበትም። ሶቪየቶች ግን በ1930 እ.ኤ.አ. የክሪስቲን ሁለት ታንክ ያለ ቱሬት (መድፉ ያለበት የሚዞረው የላይኛው ክፍል) ገዝተው «የእርሻ ትራክተር» በሚል ወረቀት ወሰዱ (ጉድ እኮ ነው!)። ከዚያ ቢቲ የተባሉት የሶቪየት ፈጣን ታንኮች መጡ፣ ከእነሱ ደግሞ ቲ-34።

ስለ ክሪስቲ መኪና ለጠየቅከው ደግሞ፣ ሰውየው ሞተሩ በአግድም (ከግራ ወደ ቀኝ) የተቀመጠ፣ በፊት ጎማ የሚነዳ የውድድር መኪና ሠርቶ በ1907 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ የመኪና ውድድር ላይ ራሱ ነድቶታል። የዛሬዎቹ ትንንሽ መኪኖች አብዛኞቹ አቀማመጣቸው እንደዚያ ነው። ከእሱ በቀጥታ ቀድተውታል ለማለት ግን አልደፍርም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ጎማው ትልቅ ስለሆነ ብቻ «ክሪስቲ ነው» አትበል፣ ፎቶ አይቶ እንደዚያ የሚፈርድ ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። እኛ አገር የምናውቀው ቲ-55 ጎማው ትልቅ ነው፣ ግን የሚሠራው በቶርሽን ባር፣ ማለትም ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ በሚያገለግል የብረት ዘንግ ነው።