ቤዝ ለጀመራችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ከደብረ ብርሃንም ከመሐል ሜዳም እየመጣችሁ «ጃዝ ቤዝ ተጫውቶ መኖር ይቻላል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ይቻላል። ስለ ሀብት ግን ዘፋኞቹን ጠይቁ።

ልምምዳችሁን ስሰማ አብዛኞቻችሁ የምትሮጡት ወደ ሶሎ ነው። በስልክ ያያችሁትን ፈጣን ጣት ለመቅዳት ስትደክሙ ትውላላችሁ። ፍጥነቱን አልንቅም፤ ቤዚስትን ደጋግሞ የሚያስጠራው ግን እሱ አይደለም። አሜሪካዊውን የጃዝ ቤዚስት ሮን ካርተርን ተመልከቱ። ልጅ ሳለ የሚጫወተው ቼሎ ነበር፤ ጥቁር በመሆኑ የክላሲካሉ በር ሲጠብበት ወደ ደብል ቤዝ (ቆሞ ወደሚጫወቱት ትልቁ ቤዝ)፣ ኋላም ወደ ጃዝ ዞረ። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 በትራምፔት ተጫዋቹ በማይልስ ዴቪስ ባንድ ሠራ። ከ2,200 በላይ ቅጂዎች ላይ በመጫወቱም በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሌላ ሰው ሥራዎች ናቸው። ያን ያህል ጊዜ የተጠራው ሌሎቹ ከእሱ ጋር ሲጫወቱ ራሳቸው አምረው ስለሚሰሙ ነው።

ስለዚህ አንድ አጭር ሐረግ ምረጡና ምንም ሳትጨምሩበት ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ፤ ቀድታችሁም አድምጡት። መጀመሪያ ይሰለቻችኋል። ቆይቶ ግን ምቱን የት ላይ እንደምታፈጥኑ፣ የትኛውን ድምፅ ሳትጨርሱ እንደምትለቁ ይሰማችኋል። ድራመሩ ይህን ቀድሟችሁ ያውቀዋል፤ ዝም የሚለው ከጨዋነት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቅኝት ልምጣ፤ በውጭ አገር መማሪያ ብቻ ያደገ እጅ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። እንዲህ ያለው እጅ መነሻውን ድምፅ ይመታል፣ ወደ አምስተኛው (ከዶ ከተነሳ ወደ ሶል) ይሄዳል፣ ወደ መነሻው ይመለሳል። ትዝታ ላይ ይሠራል፤ ባቲና አምባሰልም ይቀበሉታል። አንቺሆዬ ግን ከዶ ከተነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ሶል የለውም። እናንተ በልማድ ሶልን ስትመቱ ዘፋኙ ሶል ፍላት ላይ ከቆመ፣ ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚራራቁ ይፋጃሉ። ታዳሚው ደግሞ የሚፈርደው በዘፋኙ ላይ ነው። ምስኪን!

ትዝታ ሜጀርም የራሱ ወጥመድ አለው። ከዶ ሲነሳ ፋና ሲ የሉትም፤ የአሜሪካው ዎኪንግ ቤዝ (በየምቱ አንድ ድምፅ እየመታ የሚራመደው አጨዋወት) ግን በግማሽ ድምፅ እየተንሸራተተ በሁለቱም ላይ ይሄዳል። ማለፍ ትችላላችሁ፤ እዚያ ካረፋችሁ ግን ትዝታነቱ ይጠፋል። ሙላቱ አስታጥቄ የቅኝቱን አምስት ድምፅ ከምዕራቡ ሙዚቃ አሥራ ሁለት ድምፅ ጋር ሲያጋባ ቅኝቱን አላጠፋም። የእሱን ሙዚቃ ስትሰሙ ቪብራፎኑን (እሱ በመዶሻ የሚመታውን የብረት መሣሪያ) ለጊዜው ተዉትና ከሥር ያለውን ቤዝ ብቻ ተከተሉ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርዱም የሥራው አካል ነው። ጣት ሳይሞቅ ክር መጫን ጅማት ሊጎዳ ይችላል። እጃችሁን አሙቁ እንጂ ቤዙን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አታቁሙት፤ እንጨቱ ይደርቅና አንገቱ ይጣመማል። ከድራሙ ሲምባል ጎን የምትቆሙ ከሆነ የጆሮ መድፈኛ አድርጉ። በዚህ የሚስቅባችሁ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከመጫወታችሁ በፊት ተነጋገሩ። አምፕሊፋየር የሚያመጣው ማን ነው? አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዝግጅቱ ከእኩለ ሌሊት ካለፈ የአልጋውን የሚከፍለውስ? የጥር ሠርግ ኪስ ይሞላል፤ ወዲያው ዐቢይ ጾም ይገባና 55 ቀን ሥራው ይቀዘቅዛል። ከጥር ገቢያችሁ ላይ ለጾሙ ቆጥቡ። በነዚያ ቀናት ከየቤቱና ከሬዲዮው በገና ይሰማል፤ አሥር ክር ያለው፣ ድምፁ ወፍራም መሣሪያ ነው። ቤዛችሁን ይዛችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉና የሚመታውን ድምፅ በጆሮ ብቻ እየፈለጋችሁ ተከተሉት፤ ለወፍራም ድምፅ ከዚህ የተሻለ መምህር አላገኘሁም፤ ክፍያም አይጠይቅም።